ቀድመው ወደ ፀሐይ የተጠጉት



ፀሐይን ስለሚያጠኑ የጠፈር መንኮራኩሮች ሲነሣ ዛሬ የሁሉም ሰው አፍ ላይ ያለችው የናሳዋ ፓርከር ናት። ይገባታልም። እኔ ግን ዛሬ ላወራላችሁ የፈለግሁት ከእርሷ በፊት ወደዚያ እሳት ስለተጠጉት ሁለት እኅትማማቾች ነው፤ ሄልዮስ 1 እና ሄልዮስ 2 ይባላሉ። ሄልዮስ 2 ኤፕሪል 17 ቀን 1976 ከፀሐይ 43.4 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ያህል ርቀት ላይ ደረሰች። ይህን ክብረ ወሰን የሰበረ እስከ ኦክቶበር 29 ቀን 2018 ድረስ አልተገኘም። አርባ ሁለት ዓመት ከመንፈቅ! በዚያ ሁሉ ዘመን ሰው ከሠራው ነገር ከእርሷ ይበልጥ ወደ ፀሐይ የቀረበ አልነበረም። ቀኖቹን ሁሉ የምጠራው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆኑን ከወዲሁ ልንገራችሁ።

ይህን ሁሉ የማነሣው ክብረ ወሰን ለመቁጠር ብዬ አይደለም። ፓርከር ዛሬ መልስ እየሰጠችባቸው ካሉት ታላላቅ ጥያቄዎች ብዙዎቹን በቁጥርና በልኬት ያስቀመጡት እነዚህ ሁለቱ ናቸው። ጥያቄው የሄልዮስ ነው። ጠያቂዋ ተረስታ መላሿ ብቻ ስትወደስ ስሰማ ቅር ይለኛል።

ለመሆኑ ፀሐይ አጠገብ መሄድ ምን ያደርጋል? ብርሃኗ ስምንት ደቂቃ ተጉዞ እዚሁ ደጃችን ይመጣ የለም? ይመጣል፤ በብርሃኗም ብዙ ተምረናል። የወለሏ ሙቀት 5,500 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያህል እንደሆነ ያወቅነው በብርሃኗ ነው። በግርዶሽ ጊዜ እንደ ዘውድ ዙሪያዋን ከቦ የሚታየው ኮሮና ደግሞ ከአንድ ሚሊዮን ዲግሪ በላይ እንደሚግል የታወቀውም በብርሃን ነው። ነገር ግን ከፀሐይ የሚወጣው ብርሃን ብቻ አይደለም። ጅራታም ኮከቦች ይህን ከረጅም ጊዜ ጀምሮ ሲያሳዩን ኖረዋል፤ የጋዝ ጭራቸው በየትም በኩል ሲጓዙ ወደ ፀሐይ ተቃራኒ ያመለክታል። ጀርመናዊው ሉድቪግ ቢርማን እ.ኤ.አ. በ1951 ይህን ጭራ ብርሃን ብቻውን ሊገፋው እንደማይችል አስልተው፣ ከፀሐይ ያለማቋረጥ የሚፈስ የቅንጣቶች ጅረት መኖር አለበት አሉ።

በ1958 የቺካጎ ዩኒቨርሲቲው ዩጂን ፓርከር የዚህን ጅረት ምክንያት በሒሳብ አስቀመጡ። ያን ጊዜ የ31 ዓመት ወጣት ነበሩ። ሐሳባቸው ባጭሩ እንዲህ ነው፦ ኮሮና ይህን ያህል ከጋለ የፀሐይ ስበት ይዞ ሊያስቀረው አይችልም፤ ስለዚህ እየሰፋ፣ እየፈጠነ ከድምፅ ፍጥነት በላይ ሆኖ ወደ ጠፈር ይነፍሳል። ስሙንም የፀሐይ ነፋስ አሉት። ጽሑፉን እንዲመረምሩ የተመረጡት ሊቃውንት አልተቀበሉትም። የመጽሔቱ ዋና አዘጋጅ የነበሩት ሱብራህማንያን ቻንድራሴካር ራሳቸው ሐሳቡን አልወደዱትም፤ ሒሳቡ ላይ ግን ስሕተት አጡበት። ስሕተት ካልተገኘበት ይታተማል ብለው አሳተሙት። እኔ የቻንድራሴካርን ውሳኔ ከፓርከር ሒሳብ አሳንሼ አላይም። ያልወደዱትን እውነት በር አልዘጉበትም።

ከዚያ በኋላ ነገሩ የመሣሪያ ጉዳይ ሆነ። በ1959 የሶቪየት ኅብረቷ ሉና 1 የኮንስታንቲን ግሪንጋውዝን የቅንጣት መያዣዎች ይዛ ወጥታ የነፋሱን ምልክት አገኘች። በ1962 ደግሞ የአሜሪካዋ ማሪነር 2 ወደ ቬነስ ስትጓዝ ከሦስት ወር በላይ ለካችው፤ ነፋሱ አንድም ቀን አላቋረጠም። መሣሪያውን ከኮንዌይ ስናይደር ጋር የሠሩትና ውጤቱን ያወጡት ማርሻ ኒውገባወር ነበሩ። የፓርከር ነገር በዚያ አበቃ፤ ነፋሱ አለ።

ፓዮኒር 5 በ1960፣ ከፓዮኒር 6 እስከ 9 ያሉት ደግሞ ከ1965 እስከ 1968 ተልከው በፀሐይ ዙሪያ እየዞሩ ነፋሱን አጠኑ። ጥሩ ሥራ ሠርተዋል፤ ነገር ግን ሁሉም የቆዩት ከምድር ምሕዋር ብዙ ሳይርቁ ነው። ማሪነር 10 በ1974 እስከ ሜርኩሪ ገብታለች፤ ዓላማዋ ግን ፕላኔቷ እንጂ ፀሐይ አልነበረችም።

ችግሩ ምን መሰላችሁ? ነፋሱ ከፀሐይ ተነሥቶ እኛ ዘንድ ለመድረስ ሦስት አራት ቀን ይፈጅበታል። በመንገዱ ላይ ፈጣኑ ዘገምተኛውን ይደርስበታል፤ ይጋጫሉ፣ ይጨማለቃሉ። ተሸክሞ የወጣቸው ሞገዶች ይደክማሉ፣ ይሰባበራሉ። ምድር አጠገብ ሆኖ የፀሐይን ነፋስ መለካት ያረጀውን መለካት ነው። እንዴት እንደተወለደ፣ ምን እንዳፈጠነው፣ ምን እንዳሞቀው ለማወቅ ከፈለግን በልጅነቱ ልንይዘው ይገባል። ሄልዮስ የታሰበችው ለዚህ ነው።

ነገሩ የተጀመረው በመሪዎች ነው። በ1960ዎቹ አጋማሽ የአሜሪካው ፕሬዝዳንት ሊንደን ጆንሰንና የምዕራብ ጀርመኑ መራኄ መንግሥት ሉድቪግ ኤርሃርድ በጠፈር ምርምር ለመተባበር ተነጋገሩ። በ1969 ስምምነቱ ተፈረመ። ምዕራብ ጀርመን ሁለት መንኮራኩሮች ትሠራለች፤ አሜሪካ ሮኬቱን ታቀርባለች፤ የምርምር መሣሪያዎቹን ሁለቱም ይጋራሉ፤ ጣልያናውያንም በመግነጢስ መለኪያው ገቡበት። ከወጪው ትልቁን ድርሻ የተሸከመችው ጀርመን ነበረች። በጦርነት ከፈራረሰች ገና ሩብ ምዕተ ዓመት ያልሞላት አገር፣ ማንም ወዳልደረሰበት ቦታ የሚሄድ መንኮራኩር እሠራለሁ ብላ መነሣቷ ድፍረት ይጠይቃል። ሥራውን በዋናነት የያዘው ሙኒክ አቅራቢያ ኦቶብሩን የሚገኘው መሠርሽሚት ቦልኮ ብሎም የተባለው ኩባንያ ነበር።

አሁን ብዙ ሰው የሚገረምበትን ነገር ላንሣ። ፀሐይ ሁሉን ወደ ራሷ ትስባለች፤ ታዲያ ወደ እርሷ መሄድ ቀላል አይደለም? አይደለም። ከፀሐይ ሥርዓት ጭራሽ ወጥቶ ከመሄድ ይልቅ ፀሐይ ላይ መድረስ ይከብዳል። ምክንያቱ ምድር ናት። ምድር በፀሐይ ዙሪያ በሰከንድ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ትሮጣለች፤ ከእርሷ ላይ የሚነሣ ሮኬትም ይህን ፍጥነት ወርሶ ነው የሚወጣው። ይህ ፍጥነት እስካለ ድረስ ፀሐይ ብትስብም ማዞር እንጂ ወደ ውስጥ መሳብ አይሆንላትም። ወደ ፀሐይ ለመውደቅ ይህን ፍጥነት መቀነስ ያስፈልጋል። ስለዚህ ሄልዮስ የተተኮሰችው ምድር ከምትሄድበት በተቃራኒ ነው። በፀሐይ ዙሪያ ያላትን ፍጥነት ከ30 ወደ 20 ኪሎ ሜትር በሰከንድ ግድም ዝቅ ለማድረግ በዘመኑ ከነበሩት ሮኬቶች እጅግ ኃይለኛ ከሆኑት አንዱ አስፈለገ፤ ታይታን 3ኢ ይባላል፣ በላዩ ላይ ሴንቶር የተባለ ሁለተኛ ሮኬት ተጭኖበት። እንዲህ ፍጥነቷን ያጣችው መንኮራኩር ወደ ፀሐይ ስትወድቅ ግን መልሳ ታገኘዋለች። ሄልዮስ 2 ፀሐይ አጠገብ ስታልፍ በሰከንድ 70 ኪሎ ሜትር ትበር ነበር። ከአዲስ አበባ ባሕር ዳር በአየር መስመር በአምስት ሰከንድ ያልሞላ ጊዜ ማለት ነው። በዚያ ዘመን ሰው ከሠራው ሁሉ ፈጣኗ ነበረች።

ሮኬቱ ራሱ አዲስ ነበር። በፌብሩወሪ 1974 ለመጀመሪያ ጊዜ ሲሞከር የላይኛው ሴንቶር ሞተሩ ሳይነሣ ቀርቶ ተልእኮው ከሸፈ። ሁለተኛው በረራ የሄልዮስ 1 ነበር። የጀርመን መሐንዲሶች ምን ዓይነት ሌሊት እንዳሳለፉ መገመት አያቅትም፤ የዓመታት ድካማቸው አንድ ጊዜ ተሞክሮ አንድ ጊዜ በወደቀ ሮኬት ጫፍ ላይ ተቀምጧል። ዲሴምበር 10 ቀን 1974፣ በእኛ ታኅሣሥ 1 ቀን 1967 ዓ.ም.፣ ከኬፕ ካናቨራል ተነሣች። ሁሉም ነገር ሠራ። ኋላ ቫይኪንግን ወደ ማርስ፣ ቮዬጀርን ወደ ጁፒተርና ሳተርን የወሰደው ይኸው ዓይነት ሮኬት ነው።

መንኮራኩሯን ቀረብ ብለን እንያት። ክብደቷ 370 ኪሎ ያህል ነው። መካከሏ አሥራ ስድስት ጎን ያለው አጭር በርሜል ሲሆን ዲያሜትሩ 1.75 ሜትር ነው። ከበርሜሉ ወደ ላይና ወደ ታች እየሰፉ የሚሄዱ ሁለት ጎኖች አሏት፤ ስለዚህ ከሩቅ ወገቧ የቀጠነ የክር ማጠንጠኛ ትመስላለች። በእነዚህ ጎኖች ላይ ኤሌክትሪክ የሚሰጧት የፀሐይ ሕዋሶች ተለጥፈዋል። አናቷ ላይ የአንቴናው ምሰሶ ቆሟል። ከወገቧ ወደ ጎን የመግነጢስ መለኪያዎቹን የተሸከሙ ክንዶችና እያንዳንዳቸው 16 ሜትር የሚረዝሙ ሁለት የሬዲዮ አንቴናዎች ይዘረጋሉ።

እዚህ ምድር አጠገብ ፀሐይ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ 1.36 ኪሎ ዋት ያህል ኃይል ታሳርፋለች። ሄልዮስ በምትደርስበት ቦታ ይህ ከ11 እስከ 12 እጥፍ ይሆናል፤ በካሬ ሜትር ወደ 16 ኪሎ ዋት። ከፊት በኩል ይህ ሁሉ ይነድባታል፣ ከጀርባዋ ያለው ጨለማ ጠፈር ደግሞ ከማንኛውም ውርጭ ይብሳል። ብርድ ሲጸና እሳት ዳር የተቀመጠ ሰው ፊቱ እየተለበለበ ጀርባው እንደሚንዘፈዘፈው ማለት ነው። መሐንዲሶቹ ለዚህ ያገኙት መፍትሔ መሽከርከር ሆነ። ሄልዮስ በደቂቃ 60 ጊዜ፣ ማለትም በየሰከንዱ አንድ ጊዜ ትዞራለች። የትኛውም ጎኗ ለመቃጠል ጊዜ አያገኝም፤ የትኛውም ጎኗ ለመቀዝቀዝ ጊዜ አያገኝም።

ይህ ብቻውን አይበቃም ነበር። የፀሐይ ሕዋሶች ብርሃን ካልወደቀባቸው ኤሌክትሪክ አይሰጡም፤ ብርሃኑ ከበዛባቸው ደግሞ ይቃጠላሉ። ስለዚህ በጎኖቿ ላይ ከሕዋሶቹ ጎን ለጎን መስታወት ተደረደረ፤ የወለሉ ግማሽ ያህል ብርሃን ሲቀበል ግማሹ መልሶ ያንጸባርቃል። መሣሪያዎቹ የተቀመጡበት በርሜል በሙቀት መከላከያ ተጠቅልሎ፣ ውስጥ የሚጠራቀመው ሙቀት ፀሐይ በማታየው በላይና በታች በኩል በሚከፈቱና በሚዘጉ መዝጊያዎች ወደ ጠፈር ይወጣል። አንቴናው ደግሞ የራሱ ጣጣ ነበረው። መንኮራኩሯ በየሰከንዱ እየዞረች አንቴናዋ እንዴት ምድርን ያያል? የአንቴናው ማንጸባረቂያ በዚያው ፍጥነት ወደ ተቃራኒ እንዲዞር ተደረገ። ከሥሩ ሁሉም ነገር ሲሽከረከር እርሱ ሳይነቃነቅ ምድርን ይመለከት ነበር። ይህ በሞተር የሚዞር ነገር በዚያ ሙቀት ውስጥ ለዓመታት ሳይቆም መሥራቱን ሳስብ እስከ ዛሬ እደነቃለሁ።

መሽከርከሩ ለሳይንሱም ሲሳይ ሆነ። የቅንጣት መለኪያዋ በየዙሩ ሰማዩን በሙሉ ትቃኛለች፤ ነፋሱ ከየት በኩል፣ በምን ፍጥነት፣ በምን ሙቀት እንደሚመጣ ለማወቅ ሌላ የሚያዞራት አልፈለገችም።

ሄልዮስ 1 ማርች 15 ቀን 1975 ለመጀመሪያ ጊዜ ፀሐይ አጠገብ አለፈች፤ ርቀቷ 46 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ያህል ነበር። ከሁለቱ ረጃጅም አንቴናዎች አንዱ በደንብ አልተዘረጋም ነበርና የሬዲዮ ሞገድ ጥናቷ ተጎዳ። ይህ ታርሞ፣ ሙቀቱንም መቻሏ ታይቶ፣ ጃንዋሪ 15 ቀን 1976 የተነሣችው ሄልዮስ 2 በ3 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ይበልጥ እንድትጠጋ ተደረገ። እኅቷ በሄደችበት መንገድ ላይ ድፍረት ተጨመረ።

ወደ ግኝቶቹ ልግባ፤ እዚህ ላይ ትንሽ ታገሡኝ፤ የጉዳዩ ልብ ያለው እዚህ ነው።

የፀሐይ ነፋስ ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ በሰከንድ ከ300 እስከ 400 ኪሎ ሜትር የሚጓዝ ዘገምተኛ ነው፤ ሁለተኛው እስከ 800 ኪሎ ሜትር የሚደርስ ፈጣን። ፈጣኑ የሚወጣው በኤክስሬይ ሲታይ ጠቁሮ ከሚታየው የኮሮና ክፍል ነው፤ ሳይንቲስቶች የኮሮና ቀዳዳ ይሉታል። ምድር አጠገብ ሁለቱ ነፋሶች ድንበራቸው ፈዞ፣ ተደባልቆ ነው የሚደርሰን። ሄልዮስ ፀሐይ አጠገብ ስትሆን ድንበሩን እንደ አጥር አገኘችው፤ ከዘገምተኛው ወደ ፈጣኑ በአጭር ርቀት ትሻገራለች። ስለዚህ ሁለቱ ነፋሶች ከመነሻቸው የተለያዩ ናቸው፤ መንገድ ላይ የተለያዩ አይደሉም።

ሁለተኛው ግኝት ከዚህ ይበልጣል። ማንኛውም ጋዝ ወደ ባዶ ቦታ እየሰፋ ሲሄድ ይቀዘቅዛል፤ በምን ያህል ፍጥነት እንደሚቀዘቅዝም ፊዚክስ አስቀድሞ ይናገራል። ሄልዮስ ፀሐይ አጠገብ ያለውን የፕሮቶን ሙቀትና ምድር አጠገብ ያለውን ጎን ለጎን አስቀመጠች። ነፋሱ ይቀዘቅዛል፤ ነገር ግን ሊቀዘቅዝ ከሚገባው ባነሰ ፍጥነት ነው። መንገድ ላይ የሚያሞቀው ነገር አለ ማለት ነው። ደግሞም በፈጣኑ ነፋስ ውስጥ ፕሮቶኖቹ ለመግነጢሱ መስመር አግድም በሆነው አቅጣጫ ከቁመቱ ይልቅ ይግላሉ። ለአንድ ሰው ይህ ጥቃቅን ዝርዝር ሊመስል ይችላል። ለፊዚክስ ሰው ግን እንደ አሻራ ነው፤ የሚያሞቀው ነገር በመግነጢሱ ዙሪያ የሚወዛወዝ ሞገድ ሳይሆን አይቀርም የሚል አሻራ። ራይነር ሽቬንና ኤካርት ማርሽ እነዚህን መረጃዎች ለዓመታት ሲመረምሩ ኖረው በ1990 እና በ1991 በሁለት ቅጽ ያሳተሙት መጽሐፍ ለዘርፉ የመሠረት ድንጋይ ሆኗል።

ሞገዶቹም ራሳቸው ተለኩ። ስዊድናዊው ሃንስ አልፍቬን በሒሳብ ያስቀመጡት፣ በመግነጢስ መስመር ላይ እንደ ክር ንዝረት የሚሄድ ሞገድ አለ። ፀሐይ አጠገብ ይህ ሞገድ ጠንካራና ንጹሕ ሆኖ ወደ ውጭ ሲፈስ ሄልዮስ አገኘችው፤ ምድር አጠገብ ደግሞ ተዳክሞ፣ ወደ ትርምስ ተለውጦ ይገኛል። ሞገዱ መንገድ ላይ ያጣው ኃይል የት ገባ? ጥያቄው በ1970ዎቹ መጨረሻ እንዲህ ባለ ግልጽ መልክ ጠረጴዛ ላይ ተቀመጠ።

ስለ ሬዲዮ ሞገድ አንድ ነገር ልበል። በፀሐይ ላይ ፍንዳታ ሲነሣ ፈጣን ኤሌክትሮኖች ይወረወራሉ፤ እነዚህ ሲያልፉ የነፋሱን ፕላዝማ ያናውጡታል፤ ነውጡም የሬዲዮ ሞገድ ይወልዳል የሚል ሐሳብ ከ1950ዎቹ ጀምሮ ነበር። ነውጡን ግን በቦታው ያገኘው ሰው አልነበረም። የአዮዋ ዩኒቨርሲቲው ዶናልድ ጉርኔትና የሥራ ባልደረባቸው በሄልዮስ መሣሪያ ያገኙት በ1976 ነው። በምድር አጠገብ ሆኖ ለብዙ ዓመታት መፈለጉ ከንቱ የነበረው ነውጡ ወደ ፀሐይ ሲቀርቡ ስለሚበረታ ነው።

ለእኛ ለሁላችን በቀጥታ የሚመለከተው ግን የፀሐይ ማዕበል ጉዳይ ነው። ፀሐይ አንዳንድ ጊዜ ቢሊዮኖች ቶን የሚመዝን ፕላዝማ በአንድ ጊዜ ትተፋለች። በ1970ዎቹ እነዚህ ትፋቶች በጠፈር ካሜራ መታየት ጀምረው ነበር፤ ምድር አጠገብ የሚደርሰው ድንገተኛ የግፊት ሞገድም ይታወቅ ነበር። ትፋቱ ሞገዱን እንደሚያመጣ ግን ማረጋገጫ አልነበረም። ሄልዮስ 1 ከፀሐይ ጎን ሆና የሚያልፍባትን ትለካለች፤ ፒ78-1 የተባለች የአሜሪካ ሳተላይት ደግሞ ከምድር ምሕዋር የፀሐይን ጎን ትቀርጻለች። ኒል ሺሊ ከሽቬንና ከሌሎች ጋር በ1985 ሁለቱን አነጻጽረው ሄልዮስ ካገኘቻቸው የግፊት ሞገዶች ከአሥሩ ሰባቱ ያህል በካሜራ ከታየ ትልቅ ትፋት ጋር እንደሚገናኙ አሳዩ። ዛሬ የጠፈር አየር ሁኔታ ትንበያ የምንለው ሥራ ከዚህ ይነሣል። ያች ሳተላይት ገና እየሠራች ሳለ በዚያው ዓመት ሴፕቴምበር ላይ የአሜሪካ አየር ኃይል ለሚሳይል ሙከራ ዒላማ አድርጎ አፈነዳት። በጣም ያሳዝነኛል፤ ከሄልዮስ ጋር ተጣምራ ያን ያህል የሠራች መሣሪያ ነበረች።

የማዕበሉ ነገር ከኢትዮጵያ ጋር እውነተኛ ዝምድና አለው። የመግነጢስ ወገብ የሚባለው መስመር በአገራችን ላይ ያልፋል፤ ከዚህ መስመር በላይ፣ ከመቶ ኪሎ ሜትር በሚበልጥ ከፍታ፣ ቀን ቀን ብርቱ የኤሌክትሪክ ጅረት ይፈስሳል። ፀሐይ ስትናወጥ ይህ ጅረት ይናወጣል፤ የሳተላይት አቅጣጫ ጠቋሚም፣ የሬዲዮ ግንኙነትም ይረበሻል። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር ያለው የጂኦፊዚክስ ታዛቢ ጣቢያ ከ1950ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ የመግነጢሱን መለዋወጥ ሲመዘግብ ኖሯል። ማዕበል ምን ሊያደርግ እንደሚችል ለማየት ማርች 13 ቀን 1989 በካናዳ ኩቤክ የሆነውን ማስታወስ ይበቃል፤ ስድስት ሚሊዮን ሰው ለዘጠኝ ሰዓት ያህል መብራት አጣ።

ሁለቱ መንኮራኩሮች የተሠሩት ለአሥራ ስምንት ወር ነበር። ሄልዮስ 2 እስከ ማርች 1980 ቆየች፤ የሬዲዮ አስተላላፊዋ ተበላሽቶ አበቃላት። ሄልዮስ 1 ከአሥር ዓመት በላይ ሠራች፤ የፀሐይ ነቁጦች የሚበዙበትንና የሚቀንሱበትን አንድ ዙር አብራ አየች ማለት ይቻላል። መልእክታቸውን ከሚቀበሉት ጣቢያዎች አንዱ ቦን አቅራቢያ ኤፈልስበርግ ያለው መቶ ሜትር ስፋት ያለው የሬዲዮ ቴሌስኮፕ ነበር። መንኮራኩሮቹ ከምድር ሲታዩ ፀሐይ ኋላ ሲሆኑ መልእክታቸው በኮሮና ውስጥ አልፎ ስለሚመጣ ይታወካል፤ ለመገናኛ ይህ ችግር ነው። የቦን ተመራማሪዎች ግን ይህን ችግር መለኪያ አደረጉት፤ የሬዲዮ ሞገዱ በኮሮና ውስጥ ሲያልፍ ምን ያህል እንደተጠመዘዘ በመለካት፣ ማንም ሊገባበት ያልቻለውን የኮሮና መግነጢስ ገመቱ።

ስለ አንድ ያልታሰበ ነገር ሳልናገር ባልፍ ይቆጨኛል። ማርች 5 ቀን 1979 ከወትሮው ሁሉ የበረታ የጋማ ጨረር ብልጭታ የፀሐይ ሥርዓትን አቋርጦ አለፈ። መጀመሪያ የሶቪየት ቬኔራ መንኮራኩሮችን መታ፤ ከሰከንዶች በኋላ ሄልዮስ 2 ላይ ደረሰ። እያንዳንዱ መንኮራኩር በየትኛው ሰከንድ ብልጭታው እንደደረሰበት በማነጻጸር ምንጩ ማጀላን ደመና በሚባለው ጎረቤት ጋላክሲ ውስጥ ያለ የፈነዳ ኮከብ ፍርስራሽ መሆኑ ተገኘ። ፀሐይን ልታጠና የተላከች መንኮራኩር ሩቅ ኮከብ ለማግኘት አንዷ ምስክር ሆነች።

የሄልዮስ መረጃ አልሞተም። አቧራ መለኪያዋ በሄልዮስ 1 ላይ ከሁለት መቶ በላይ የአቧራ ምት መዝግቦ ነበር። በ2006 ተመራማሪዎች ያን ዝርዝር እንደገና ሲያነቡት ከፀሐይ ሥርዓት ውጭ የመጣ አቧራ በምድር ምሕዋር ውስጥ ገብቶ አገኙ። በ2018፣ ፓርከር በምትነሣበት ዓመት፣ የለንደኑ ኢምፔሪያል ኮሌጅ ሰዎች የ1970ዎቹን የፕሮቶን መረጃ ከሥሩ እንደገና አስልተው፣ በፈጣኑ ነፋስ ውስጥ ፍጥነቱ ድንገት ለሰከንዶችና ለደቂቃዎች የሚዘልልባቸው ቦታዎች አገኙ። አርባ ዓመት ሙሉ በመዝገብ ውስጥ የተቀመጠ ነገር ነው።

ፓርከር ኦገስት 12 ቀን 2018 ተነሣች። ፕሮፌሰር ፓርከር ራሳቸው በ91 ዓመታቸው ቆመው አዩዋት፤ ናሳ በሕይወት ባለ ሰው ስም መንኮራኩር ሲሰይም የመጀመሪያው ነበር። የሙቀት ጋሻዋ ውፍረቱ 11 ሴንቲ ሜትር ከግማሽ ያህል ካርቦን ነው። ሄልዮስ በመሽከርከር ያመለጠችውን ፓርከር በጋሻ ትመክተዋለች፤ እስከ 1,370 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ድረስ። ፀሐይ አጠገብ ገና እንደገባች በየቦታው ያገኘችው እነዚያን የፍጥነት ዝላዮችና ከእነርሱ ጋር አብሮ የሚታጠፈውን መግነጢስ ነበር። ኤፕሪል 28 ቀን 2021 ኮሮና ውስጥ ገባች። ዲሴምበር 24 ቀን 2024 ከፀሐይ ወለል 6.1 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ፣ በሰዓት 690,000 ኪሎ ሜትር ያህል እየበረረች አለፈች።

የሄልዮስ ጥያቄስ? በፌብሩወሪ 2022 ፓርከርና የአውሮፓዋ ሶላር ኦርቢተር በአንድ የነፋስ ጅረት መንገድ ላይ ተሰለፉ። ፓርከር ኮሮና ዳር ለካችው፤ ያው ነፋስ ሁለት ቀን ያህል ተጉዞ ቬነስ ምሕዋር አካባቢ ሶላር ኦርቢተር ላይ ሲደርስ እንደገና ተለካ። በ2024 የታተመው ውጤት የአልፍቬን ሞገዶች መንገድ ላይ ያጡት ኃይል ነፋሱ ካገኘው ሙቀትና ፍጥነት ጋር እንደሚመጣጠን አሳየ። ማርሽና ሽቬን ጠረጴዛ ላይ ያስቀመጡት ሒሳብ፣ ቢያንስ ለፈጣኑ ነፋስ፣ ሊዘጋ ተቃርቧል። የዘገምተኛው ነፋስ መነሻ ግን አሁንም ያከራክራል።

እዚህ ለተቀመጣችሁ የፊዚክስ ተማሪዎች አንድ ነገር ልንገራችሁ። የሄልዮስ 1 እና የሄልዮስ 2 መረጃ በይፋ የተከፈተ ነው፤ ኮምፒዩተርና ትዕግሥት ያለው ሰው ያወርደዋል። ፓርከር በፍጥነት የምታልፍበትን ምድር ከፀሐይ ካላት ርቀት ከ0.3 እስከ 1 እጥፍ ያለውን ቦታ ሁለቱ ሄልዮሶች ለዓመታት እየተመላለሱ ለክተውታል። ስለ ዘገምተኛው ነፋስ መሥራት የሚፈልግ ተማሪ ካለ ከዚያ ይጀምር፤ ስንጨርስ ቀርቦ ቢያነጋግረኝ ፋይሎቹ የት እንዳሉና እንዴት እንደሚነበቡ አሳየዋለሁ።